የሌላ አገር ቅርጽ በወሎ መንገድ

እሑድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ

ወሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የባቲን ገበያ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን ወይም ላሊበላን ብሎ ነው የሚነሳው። እኔም በእነዚህ ሁሉ አልፋለሁ፤ ዋናው ዓላማዬ ግን መኪና ማየት ነው። አንድ ፋብሪካ ያንኑ መኪና ለአንዱ አገር ባለ ረጅም ኋላ የቤት መኪና፣ ለሌላው ኋላዋ ቁርጥ ያለ አጭር መኪና፣ ለሦስተኛው ደግሞ ፒክ አፕ አድርጎ የሚያቀርብበት ምክንያት ሲከነክነኝ ኖሯል። ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ የቀረኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ለሌላ አገር ሰው ታስቦ የተሠራ ቅርጽ የወሎ ዳገት ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?

የተሳፈርሁት በሃይኤስ ሚኒባስ ነው፤ ቦታዬም ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን። ጣርማበርን በጉም ውስጥ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን። ከሸዋ ሮቢት በኋላ ግን ሙቀቱ ከላይም ከታችም መጣ። ከታች የሚመጣው የሞተሩ ነው፤ በዚህ መኪና ሞተሩ የሚቀመጠው ከጋቢናው ወንበር ሥር ነውና። ሾፌሩ ስቁነጠነጥ አይቶ ፎጣ አቀበለኝ። «አንጥፍበት ወንድሜ፤ ከሚሴ እስክንደርስ ገና ይብሳል» አለኝ።

ሞተሩን እዚያ ያስቀመጠው የጃፓን ደንብ ነው። ጃፓን ውስጥ አንድ የጭነት ቫን በአነስተኛው ምድብ ተመዝግቦ ዝቅተኛ ወጪ እንዲጠየቅበት ርዝመቱ ከ4.7 ሜትር፣ ስፋቱ ከ1.7 ሜትር፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር መብለጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው መደበኛው ሃይኤስ 4,695 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ 1,695 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በሁለቱም በኩል ከወሰኑ የጎደለው አምስት አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ርዝመቱ እንዲህ ተሰፍሮ ሲሰጥ መሐንዲሱ ከመስታወቱ ፊት ለሚወጣ የመኪና አፍንጫ የሚተርፈው ቦታ የለም፤ ሾፌሩን ከሞተሩ በላይ ያስቀምጠውና የቀረውን ሁሉ ለጭነት ይሰጣል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሌላው ዓለም አዲስ ሃይኤስ ሲያወጣ አጭር አፍንጫ አበጀለት፤ ሞተሩን ወደ ፊት አወጣው። አንዱ ምክንያት የግጭት ደኅንነት ነው፤ ከሾፌሩ ጉልበት ፊት የሚጨማደድ ብረት እንዲኖር ነው። ጃፓን ግን አፍንጫ አልባውን ቅርጽ መሥራቷን ቀጠለች፤ ደንቡ ስላልተለወጠ።

እኛን የጫነን አሮጌው ነው። ሾፌሩ በካራቆሬ መታጠፊያዎች ላይ ከፊታችን ከሚመጣ ሲኖትራክ ጋር ሲተላለፍ በእግሩና በመስታወቱ መካከል ያለችውን ክፍተት እያየሁ ተጨነቅሁ። ወሎ የሚመላለስ ሾፌር በየቀኑ በዚያች ክፍተት ውስጥ ይሠራል። ይህን የምጽፈው ነገሩ ቀላል እንዳይመስል ነው።

ማታ ኮምቦልቻ ደረስን። እራት በልቼ ተኛሁ።

ሰኞ፣ ባቲ

ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ገበያዋ ሰኞ ነው። አፋሩ ከቆላ ግመልና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እህሉን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውን ይዞ ይወርዳል። ገበያው ከግመሉ መቆሚያ ጀምሮ እስከ ሸቀጡ ድረስ ሰው በሰው ነው። የኔ ዓይን ግን ከጫፍ በኩል የቆሙት ተሽከርካሪዎች ላይ ነበር፦ አይሱዙዎች፣ ባጃጆች፣ ብዙ ፒክ አፖች።

አንድ ሽማግሌ የፍየል ነጋዴ ነጠላ ጋቢና ያላት አሮጌ ሃይሉክስ አጠገብ ቆመዋል። ከኋላ የብረት ርብራብ አስበይደውበታል፤ ቁመቱ ከሰው ትከሻ ይደርሳል። ሰላምታ ሰጥቼ ስለ መኪናይቱ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ደብል ጋቢና ቢሆን አይሻልም ነበር? ዝናብ ሲመጣ ቤተሰብም ያስጠልላል።»

«አብሽር ልጄ» አሉኝ እየሳቁ። «ወንበር የወሰደውን ቦታ ፍየል ያጣዋል። ቤተሰቡን ሚኒባስ ይወስደዋል፤ ፍየሉን ማን ይወስድልኛል?»

ይህን መልስ እንደሰማሁ የታይላንድ ነገር ትዝ አለኝ። ታይላንድ ለፒክ አፕ የምትጥለው የኤክሳይዝ ቀረጥ ለዘመናት ከቤት መኪናው እጅግ ያነሰ ነበር። በዚህም ምክንያት ከተሜውም ፒክ አፕ ይገዛል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም፣ ሠርግ የሚሄደውም በእሱ ነው። ፋብሪካዎቹ ይህን አይተው ወደዚያ ሄዱ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሸጡት ሃይሉክሶች ብዙዎቹ የታይላንድ ሥራ ናቸው። ለቤተሰብ የሚመቸው ባለ አራት በር ጋቢና እንዲህ የተዋበው ለባንኮክ ቤተሰብ ስለሆነ ነው። የባቲው ነጋዴ ከእሱ ውስጥ የሚፈልጉት የኋላውን ግማሽ ብቻ ነው።

ከፍየሎቹ ማዶ ዶሮ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። በመኪና ታሪክ ውስጥ ዶሮ ትልቅ ቦታ እንዳላት እዚያ ለነበረ ሰው ብናገር ማን ያምነኝ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ገበሬያቸውን ለመጠበቅ ሲሉ በርካሽ በሚገባው የአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ጣሉ። አሜሪካ አጸፋውን ስትመልስ ከመረጠቻቸው ዕቃዎች አንዱ አነስተኛ የጭነት መኪና ነበር፤ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለበት። የዶሮው ጠብ ተረሳ፣ የሌሎቹ ዕቃዎች ቀረጥም በጊዜ ሂደት ተነሳ፤ የጭነት መኪናው ግን ቀረ። ባቲ ውስጥ ሞልቶ የምናየው ሃይሉክስ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አይሸጥም፤ ቶዮታ ለአሜሪካውያን ታኮማ የሚባል ሌላ ፒክ አፕ እዚያው ሰሜን አሜሪካ እየሠራ ይሸጥላቸዋል። ሱባሩም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ብራት የተባለችውን ትንሽ ፒክ አፕ ወደ አሜሪካ ሲያስገባ ከኋላ ጭነቱ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ተከለባት፤ ወንበር ካላት የሰው መኪና ናት ብሎ ቀረጡን ለማምለጥ። ክፍት ጭነት ላይ ወንበር የተተከለው ሰው እዚያ መቀመጥ ስላማረው አልነበረም።

ሕግ ብቻ ነው ቅርጽ የሚያወጣው ብል ግን አውስትራሊያን እበድላለሁ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ አንዲት የቪክቶሪያ ገበሬ ሚስት ለፎርድ ደብዳቤ ጽፋ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው፣ ሰኞ ደግሞ አሳማ ገበያ የምትጭንላቸው መኪና እንዲሠራላቸው ጠየቀች ይባላል። ሉ ባንት የተባለው ወጣት ንድፍ አውጪ የቤት መኪና ጋቢናን ከጭነት ኋላ ጋር በአንድ አካል አዋህዶ ነደፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ጂሎንግ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣ። አውስትራሊያውያን ያንን ቅርጽ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሠሩት፣ ወደዱትም።

ይህ ታሪክ ባቲ ላይ ልቤን ነካው። እዚህም እኮ ሰኞ ገበያ አለ፤ አርብ መስጊድ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ለፋብሪካ ደብዳቤ የሚጽፍና የሚሰማ ግን አልነበረም። ደብዳቤ የሚሰማው አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ብቻ ነውና። ያገለገለ መኪና የሚገዛ አገር ከፋብሪካው ጋር አይነጋገርም፤ የሚነጋገረው ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር ነው፤ ያ ሰው የመረጠውን ይቀበላል።

ሽማግሌው ሲመሽ ፍየሎቻቸውን ጭነው ሄዱ። ርብራቡ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ደሴ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መንገዱ በሐረጎ ዳገት ይጠማዘዛል፤ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። በዚህ ዳገት ላይ መኪና ሁሉ እውነተኛ ማንነቱን ያሳያል። አምስት ሰው የጫነች ቪትዝ በሁለተኛ ማርሽ ስታቃስት አለፍናት፤ ጣሪያዋ ላይ ፍራሽና ጆንያ ታስሯል።

ደሴ እንደ ገባሁ ወደ አንድ ጋራዥ ሄድሁ፤ ባለሙያው ሃያ ዓመት ያህል በባትላሜራነት የሠሩ ሰው ናቸው። ቅጥር ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ቪትዝና ሁለት ኮሮላ ቆመዋል። ከቪትዞቹ አንደኛዋ ሆዷ መሬት እየነካ ስላስቸገረ ከሞላዎቹ ሥር ማስረዘሚያ እየገባላት ነው። ሁለተኛዋ ፖርቶ መጋላ ሊበየድላት ተራ ትጠብቃለች።

እኛ ቪትዝ የምንላት መኪና እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተባለች፤ ኋላ ለአውሮፓ ገበያ የሚሆነው ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራ ጀመር። ቁርጥ ያለው ኋላዋ ከነዳጅ ውድነትና ከጠባብ የአውሮፓ ጎዳና የመጣ ነው፤ እዚያ መኪና ማቆሚያ ማግኘት የዕለት ተዕለት ትግል ነው። አውሮፓዊው ዕቃ ሲኖረው የኋላ ወንበሩን ያጥፋል። በዚያችው መኪና መሠረት ላይ የተሠራች ባለ ረጅም ኋላ እኅት ነበረቻት፤ ጃፓን ፕላትዝ አለቻት፣ ለሰሜን አሜሪካም ኤኮ ተብላ ተሸጠች። አሜሪካ ውስጥ መንገዱ ሰፊ፣ ማቆሚያው ሰፊ ነው፤ ቁርጥ ኋላ ያላት ትንሽ መኪና ደግሞ ለብዙዎች የድሃ መኪና ትመስላቸዋለች።

ያው ኮሮላም እንደየአገሩ ይለያያል። ለአውሮፓ ቁርጥ ኋላ ያላትንና ስቴሽን ዋገኗን ያስቀድማሉ። ቱርክ ግን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ባለ ረጅም ኋላዋን ትመርጣለች፤ ኮሮላም በዚህ ቅርጽ እዚያው ቱርክ ትሠራለች። ለጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ኮሮላን ለይተው አጠበቡት፣ አሳጠሩትም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የህንድ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ርዝመታቸው ከ4 ሜትር ለማይበልጥ፣ ሞተራቸውም ትንሽ ለሆነ መኪናዎች ቀረጥ ቀነሰች። የህንድ ቤተሰብ ግን ሻንጣ የሚቆለፍበት ኋላ ያላትን መኪና ነው እንደ መኪና የሚያከብር። ስለዚህ ማሩቲ ሱዙኪ 4,160 ሚሊ ሜትር ትረዝም የነበረችውን ዲዛየር እ.ኤ.አ. በ2012 ኋላዋን ቀጭቶ 3,995 ሚሊ ሜትር አደረጋት። ኋላዋ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ድንገት ያልቃል። ውብ አይደለችም፤ ግን ሚሊዮኖች ገዟት፤ ምክንያቱም የሕጉንም የቤተሰቡንም ፍላጎት በአንድ ላይ አሟልታለች።

ባለሙያው ይህን ሁሉ ሲሰሙኝ ቆይተው «ታዲያ ሁሉንም ዓይነት ሠርተው ለሁሉም አገር ለምን አይሸጡም? ማን ይጠላል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መልሱ በእሳቸው ሙያ ውስጥ አለ። እሳቸው አንድ ላሜራ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ቅርጹን ያወጡታል፤ ፋብሪካው ግን ለእያንዳንዱ የኋላ መከለያ፣ ለእያንዳንዱ በር ግዙፍ የብረት ቅርጽ ማውጫ ያሠራል፤ ወጪውም እጅግ ከባድ ነው። አዲስ ቅርጽ እንደገና በግጭት ይፈተናል፣ በየአገሩ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቅበታል፣ መለዋወጫው በየመጋዘኑ ይቀመጣል። ስለዚህ ከፊት መስታወቱ ወደ ፊት ያለውን ለሁሉም አንድ ያደርጉታል፣ ኋላውን ይለውጣሉ፤ በብዛት የማይሸጥበትን አገር ደግሞ ጨርሶ ይተውታል።

«እንግዲያው ለእኛ የቀረውን እኛው እንጨርሰዋለን» አሉና ወደ ብየዳቸው ተመለሱ።

አደንቃቸዋለሁ፤ ስጋቴንም ግን ነገርኋቸው። ለአውሮፓ ከተማ የተሠራች መኪና ቁመቷ ሲጨምር፣ ጣሪያዋ ላይ ጆንያ ሲታሰር ሚዛኗ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፍሬኗ ግን ያው ነው። በሐረጎ ቁልቁለት ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። እሳቸውም ያውቁታል፤ ከባድ ጭነት ለሚጭን ሰው መጫኛ አልበይድም ብለው ደንበኛ የመለሱበት ጊዜ አለ።

የእኛ ሕግስ ምን መረጠ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የቤት መኪናን ቀረጥ በሞተር መጠንና በዕድሜ ይለያል፤ 1,300 ሲሲ አንዱ ወሰን ነው። ከቪትዝ ሞተሮች አንዱ 1,298 ሲሲ ነው። ከዚያ በፊትም ትንሽ ሞተር ቀረጥ ይቀንስለት ነበር። የደሴ ጋራዥ በቪትዝ የተሞላው በዚህ ነው። ሕጋችን የሞተሩን መጠን ጠየቀ፣ ዕድሜዋን ጠየቀ፤ ሐረጎን በአምስት ሰው ትወጣለች ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም።

ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አካባቢ ስዘዋወር አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ አየሁ፦ ቮልስዋገን አይዲ 6። ሦስት ረድፍ ወንበር አለው፤ የተሠራውም ለቻይና ገበያ ብቻ ነው፤ ቮልስዋገን በገዛ አገሩ በጀርመን እንኳ አይሸጠውም። የቻይና ቤተሰብ አያትን፣ ወላጅንና ልጅን በአንድ መኪና ይዞ ይወጣል። ለቻይና ሲሆን አውዲና ቢኤምደብሊው ሳይቀሩ የኋላ ወንበር ቦታን ለማስፋት መኪናቸውን ያስረዝማሉ፤ የተከበረ ሰው የሚቀመጠው ከኋላ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስትከለክል ለቻይና አያቶች የታሰበው ወንበር ደሴ ደረሰ።

ባለቤቱ ነጋዴ ናቸው፤ ሰባት ሆነው ከኮምቦልቻ ሠርግ መምጣታቸውን ነገሩኝ። «ዳገቱ ላይ ባትሪውን ይበላዋል፤ ስወርድ ግን መልሶ ይሞላል» አሉኝ በደስታ። እኔም ደስ አለኝ። ወሎ ከመጣሁ ወዲህ ተሳፋሪውን ሳያጨናንቅ የተቀበለ ቅርጽ ያየሁት ይህ ነው፤ የወሎ ቤተሰብና የቻይና ቤተሰብ በዚህ ነገር ይመሳሰላሉ። ሆዱ ለመሬት መቅረቡ ግን ከከተማ እንዳይወጣ ያስረዋል።

ረቡዕ፣ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ

ሐይቅ ላይ ወርጄ እስጢፋኖስ ገዳምን ተሳለምሁ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ መምህር የነበሩበት ነው። ከሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። ከዚያ በውጫሌና በመርሳ አልፌ ወልድያ ገባሁ። ከአምባሰል ተራሮች ሥር ስናልፍ ሾፌሩ የአምባሰል ዜማ ከፈተልን፤ መኪናው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ስለ መኪና ዛሬ የምጽፈው የለኝም።

ሐሙስ፣ ከወልድያ ወደ ላሊበላ

ዛሬ የተሳፈርሁት በላንድ ክሩዘር 70 ነው፤ ሎንግ ቤዝ የሚሉት፣ ከኋላ ሁለት ረጅም ወንበሮች ፊት ለፊት የተያዩበት። የድልብን ዳገት ስንወጣ ስምንት ሰው፣ ሦስት ኩንታል እህልና አንድ የታሰረ በግ ይዘናል። አንዲት እናት «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» እያሉ ለበጉ ሳይቀር ቦታ አበጁለት።

ይህ ቅርጽ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ አለ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በጭስና በግጭት ደንብ ምክንያት ለተራው ገዢ አይሸጥም። አውስትራሊያ ግን ማዕድን ቆፋሪውና ከብት አርቢው ስለሚፈልገው እያሻሻለች ይዛዋለች። ወደ አፍሪካ የሚላከው ብዙ ጊዜ ኤሌክትሮኒክስ የሌለበት ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር አለው፤ ጥራቱ ዝቅ ያለ ነዳጅ ይችላል፣ መንደር ውስጥ ይጠገናል። ብዙው ገዢ የረድኤት ድርጅትና መንግሥት ነው። እንግዲህ ይህ ቅርጽ ለእኛ መንገድ መሠራቱ እውነት ነው፤ የታዘዘው ግን ለድርጅት ሠራተኛ እንጂ ለገበያተኛ አይደለም። ገበያተኛው ዕጣ የሚደርሰው ድርጅቱ ሲሸጠው ነው።

ከጋሸና ወደ ላሊበላ ስንታጠፍ ሾፌሩን ጠየቅሁት። «ፋብሪካው አንተን ጠርቶ ምን እንሥራልህ ቢልህ ምን ትላለህ?»

ሳያመነታ መለሰ። «ይህችን ቅርጽ አይንኩብኝ። የኋላው በር ለሁለት ይከፈታል፣ ትርፍ ጎማው በሩ ላይ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ተኝቼ አላወርድም። ሞተሩን ግን ኤሌክትሪክ ያድርጉልኝ፤ ናፍጣ ፍለጋ ስሰለፍ ስንት ቀን ያልፍብኛል።»

እኔ ደግሞ የኋላዎቹ ወንበሮች ወደ ፊት እንዲዞሩና ሁሉም ቀበቶ እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ አልሁት። በጎን የተቀመጠ ሰው መኪናው ቢጋጭ የሚይዘው ነገር የለም።

«እንደሱ ከሆነ ስድስት ሰው ብቻ ነው የምጭነው» አለኝ። «የሁለቱን ሰው ሂሳብ ማን ይከፍልልኛል?»

«ቀረጡን ቢቀንሱልህስ? ወደ ፊት የዞረ ወንበርና ቀበቶ ላለው መኪና ተብሎ?»

ዝም ብሎ አሰበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር፤ እየደመረ ነው። «በስንት?» አለኝ።